ስኒው ሳይደርቅ

እናቴ የጭቃን እርጥበት የምትለካው በጉንጯ ነው። ይህን ስናገር የሚስቅ ሰው አይጠፋም፤ ይሳቅ። ፋብሪካችን በመብራት ምሰሶ አናት ላይ ሽቦ ተሸክመው የሚታዩትን ቡናማ ስኒዎች ይሠራል፤ ከማድረቂያ ክፍል ወጥቶ ወደ ምድጃ የሚገባ ትልቅ ስኒ ሁሉ መጀመሪያ ከእናቴ ጉንጭ ጋር ይሳሳማል። ውኃ ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ እርጥብ ጭቃ ይቀዘቅዛል፤ የደረቀው ግን የክፍሉን ያህል ለብ ይላል። አንድ ጎኑ ቀዝቅዞ ሌላው ለብ ካለ እኩል እየደረቀ አይደለም ማለት ነው። እኩል ያልደረቀ ስኒ ደግሞ ሳይሰነጠቅ አይቀርም።

ሠራተኛው «እትዬ ጉንጭ» ይላታል፣ ፊት ለፊቷ ጭምር። አትቀየምም። «ሰው በግንባሩ ወዝ ይበላል፣ እኔ በጉንጬ እበላለሁ፤ ልዩነቱ ትንሽ ወረድ ማለቱ ነው» ትላለች።

እኔ እዚያው ፋብሪካ የፍተሻ ክፍል ነኝ። ፊዚክስ ተምሬ የመጣሁ ነኝና በእሳት የበሰለውን ስኒ ከፍተኛ ቮልቴጅ እለቅበታለሁ፤ ከቻለው ያልፋል፣ ካልቻለው ይጣላል። እሷ ውኃውን ታስወጣለች፣ እኔ ኤሌክትሪኩን አስገባለሁ፤ እቤት ስንገናኝ ደግሞ የማን ሥራ እንደሚከብድ እንጨቃጨቃለን። እስካሁን አላሸነፍኳትም።

ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ትልልቆቹ ስኒዎች መሰንጠቅ ጀመሩ። ትንንሾቹ ደህና ናቸው። ሰው የሚያህሉት ብቻ፣ ያውም ሁልጊዜ ከላይኛው ጠርዝ፣ ሁልጊዜ ወደ ግድግዳው ባለው ጎን። እናቴ የመስኮቱን ስንጥቅ ሁሉ በአሮጌ ጨርቅ ወተፈች፤ ጭቃ አቡኪዎቹን ተቆጣች፤ ምንም አልተለወጠም። ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ ሆነ።

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደለም። ቁጥር ያልተጻፈበትን ነገር አለማመኑ ነው ጉዱ። የፍተሻ ውጤት ይዤ ቢሮው በገባሁበት ቀን እናቴ ፊቱ ተቀምጣ ነበር።

«እትዬ፣ ሰው ነን፣ እናረጃለን» አላት። «አሁን ማድረቂያ ላይ የቆመው ትልቁ ስኒ ከተሰነጠቀ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛውርዎታለሁ። እዚያ ወንበር አለ፤ አረፍ ይላሉ።»

«ማረፉስ አይቀርም ልጄ፣ ምን አስቸኮለህ?» አለችው።

እኔ ሳቄን ዋጥኩ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ከቢሮው ስንወጣ ነጠላ ጫማዋን እያየች ነበር የምትራመደው። ግምጃ ቤቱ አይደለም ያስፈራት። «እጇ ከዳት ተብላ ወጣች» መባሉ ነው። ዕድሜ ልኳን የሠራችው በዚያ ስም ነው፤ ሌላ ሀብት የላትም።

እቤት እንደገባን ሁለት ማንኪያ አምጪ አለችኝ። «አንዱን አርጥቢው፣ ሌላውን ደረቁን ተይው። ውኃው ቀዝቃዛ እንዳይሆን፣ ከጠረጴዛው ላይ ከዋለው ቅጂ።» ዓይኗን ጨፈነች። የማንኪያዎቹን ጀርባ በየተራ ጉንጯ ላይ አስነካኋት።

«ይሄ እርጥቡ። ይሄ ደረቁ። አሁን ሁለቱም ደረቅ ናቸው፣ ልታታልይኝ ነው፤ ውሸታም!» አለች።

አንድም አልሳተችም። እውነቱን ልናገር፣ ያን ሰሞን እኔም በልቤ «ምናልባት አርጅታ ይሆናል» ማለት ጀምሬ ነበር።

«ታዲያ ጉንጭሽ ደህና ከሆነ ስኒው ምን ሆነ?» አልኳት።

«ነግሬያችኋለሁ እኮ። በግድግዳው በኩል ያለው ጎን ይቀዘቅዛል። ከሌላው ቀድሞ ይተናል ማለት ነው። ነፋስ አለ።»

«መስኮቱን ወትፈሽ የለም እንዴ?»

«ወትፌያለሁ። ግን አለ። ነፋስ ሳይሆን ነፋስ አለ!» ብላ ማንኪያውን እንደ መጣል አድርጋ አስቀመጠችው። እናቴ እሳት የላሰች ሴት ናት፤ እንዲህ ግራ ተጋብታ አይቻት አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ማድረቂያ ክፍል ገብቼ በስኒው ቦታ ቆሜ ወደ ላይ አየሁ። ከግድግዳው ጥግ፣ ከጣሪያው ሥር፣ አቧራ አጥማጁ ተሰቅሏል። አፉ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሽቦዎች የተወጠሩበት ሣጥን ነው፤ ሽቦዎቹ በከፍተኛ ቮልቴጅ አቧራውን ቻርጅ ያደርጉታል፣ ከኋላ ያሉት የብረት ሳህኖች ይለቅሙታል። ያስተከለችው እናቴ ናት። የጭቃ አቧራ ደረቱ ውስጥ ገብቶ የሚያስለው ሠራተኛ ሲበዛ ከቢሮ ቢሮ እየዞረች፣ አንዳንዴም ከሥራ አስኪያጁ በር ላይ አልነሳም እያለች ያስመጣችው ነው። ትልልቆቹ ስኒዎች መሰንጠቅ የጀመሩት እሱ ከመጣ በኋላ ነው።

ይህን እንዴት ማንም አላሰበውም? መልሱ የሚያስቅም የሚያሳፍርም ነው። ማሽኑ ሲተከል የመጣው ቴክኒሺያን «ክፍሉ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚነካ ነገር አለ?» ብሎ ጠይቆ ነበር። እኛ መሐንዲሶቹ ሳቅን። «ወንድሜ፣ እዚህ ኤሌክትሪክ የማይነካው ነገር ነው የምንሠራው!» አልነው። ቀኑን ሙሉ ስኒ ስንሠራ ስለምንውል፣ ስኒ ሳይደርቅ ስኒ እንዳልሆነ ረሳን። እርጥብ ጭቃ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። በብረት ጋሪ ላይ ቆሞ፣ ጋሪው ከመሬት ጋር ተነካክቶ፣ ከሽቦዎቹ ሥር እንደ ተቀሰረ ጣት ቀጥ ብሎ ቆሟል። የኤሌክትሪክ መስኩ፣ ማለትም ጉልበቱ የሚሰማበት ዙሪያ፣ ደግሞ የሚጠራቀመው ጫፍና ጠርዝ ላይ ነው። ይህን እኔ እንኳን ለሰው ማስተማር እችላለሁ፤ ግን ፊቴ የቆመውን አላየሁትም።

በፍተሻ ክፍሌ ጭቃ ጠፍጥፌ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩ፣ ከላዩ ቀጭን ሽቦ ወጠርኩ፣ ቮልቴጁን ለቀቅኩ። ክብደቱ ዓይኔ እያየ ይቀንስ ጀመር። ያለ ቮልቴጅ ከሚተነው በእጥፍ ይበልጣል። ደስታዬ ጣሪያ ነካ።

ያን ቀን ለእናቴ የነገርኳት እንዲህ ነው። «አንዷን የውኃ ሞለኪውል ብታይ፣ አንድ ጫፏ ትንሽ ፖዘቲቭ ነው፣ ሌላው ትንሽ ኔጋቲቭ። ስለዚህ ጎረቤቶቿን በእጇ ይዛ ነው የምትኖረው። ከታች ያሉት በሁሉም በኩል ተይዘዋል። ከላይ ያለችዋ ግን ከበላይዋ የሚይዛት የለም፤ ከሥር ጠንከር ያለ ግፊያ ካገኘች እጇን አስለቅቃ ትወጣለች። ትነት ማለት ይሄ ነው። ግፊያውንም ይዛው ስለምትሄድ የቀረው ይቀዘቅዛል፤ ጉንጭሽ የሚያውቀው እሱን ነው። አሁን የኤሌክትሪክ መስክ ከላይ ሲመጣ ሞለኪውሎቹ ፊታቸውን ወደ እሱ ያዞራሉ። ሲዞሩ የያዙት እጅ ይላላል፣ በቀላሉም ይወጣሉ።»

«ማለፊያ» አለች። «ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ። ግን ነፋሱስ?»

«እማዬ፣ ነፋስ የለም አልኩሽ እኮ። መስክ ነው።»

«መስኩ ምን ያህል ብርቱ ነው? እነሱ እርስ በርስ ከተያያዙበት ይበልጣል?»

ሂሳቡን በጭንቅላቴ ሠራሁት። አይበልጥም። አጠገቡም አይደርስም። አንዷ ሞለኪውል ጎረቤቷ ላይ የምታሳርፈው መስክ ከማሽናችን ጋር ሲተያይ፣ የእኛው ምንም ነው ማለት ይቻላል። ሞለኪውሎቹ ቢዞሩም በጥቂቱ ነው፤ እጃቸው በዚያ አይላላም። በንዴት ጆሮዬ ጋለ፤ መስክ ቢሆን እወድ ነበር፣ ደስ የሚል መልስ ነበርና።

ተመልሼ ሄጄ በቀጭኑ ሽቦ ፋንታ ወፍራም ለስላሳ የብረት ዘንግ አደረግኩ። ከጭቃው ላይ የሚያርፈውን መስክ እኩል አደረግኩት፤ ጭቃው ግን ከወትሮው አልፈጠነም። ሽቦውን መለስኩ፤ ፈጠነ። ነገሩ ተገለጠ። በቀጭን ሽቦ ዙሪያ መስኩ እጅግ ስለሚበረታ አየሩን ራሱን ቻርጅ ያደርገዋል፤ ቻርጅ የሆነው አየር እርጥቡን ጭቃ ፍለጋ ቁልቁል ይሮጣል። ከጭቃው ወጥታ አየሩ ላይ ገና የምታንዣብብ ሞለኪውል ብዙ ጊዜ ተመልሳ ትገባለች፤ ይህ ነፋስ ግን ጠርጎ ይወስዳታል። ስለዚህ የወጣችው አትመለስም። በር አልተከፈተም፣ መስኮት አልተከፈተም፤ ነፋሱን የወለደው ኤሌክትሪኩ ነው።

ለእናቴ ስነግራት «ነፋስ ሳይሆን ነፋስ» ብቻ አለችኝ። ቀጥላም «መስኮቱን ግን ያለ ጥፋቱ ወተፍኩት» ብላ ሳቀች። በዚያ ሳቅ አንጀቴ ራሰ።

ቁጥሮቼን ይዘን ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባን። ጎበዝ ነው፤ አንድ ጊዜ አይቶ ገባው።

«እንግዲያው ማሽኑ ይነቀላል» አለ። «እትዬም ወደ ግምጃ ቤት ይሄዳሉ።»

«ምን? ለምን?» አልኩ፤ ድምፄ ከፍ አለ።

«ሥራቸው ጎንና ጎኑ እኩል አለመድረቁን ማወቅ ነው። አላወቁም።»

«አውቄያለሁ» አለች እናቴ። «ጎኑ ይቀዘቅዛል ብዬ ለፈረቃ አለቃው ነግሬያለሁ።»

«ከተሰነጠቀ በኋላ ሁሉም እንዲህ ይላል እትዬ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ።»

ደም ሥሬ ተገታተረ። አፌን ከመክፈቴ በፊት እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«እሺ ልጄ» አለችው ረጋ ብላ። «ጅቡ ሳይሄድ እጮህልሃለሁ። በየጊዜው እንደ ስኒ የቆመ አዲስ እርጥብ ጭቃ ከማሽኑ ሥር አስቀምጥ። ደስ ካለህ አብራው፣ ደስ ካለህ አጥፋው። ከዚያ አጥፍተህ ጥራኝ፤ በርቶ እንደነበርና እንዳልነበር በጉንጬ እነግርሃለሁ። ከሳትኩ ግምጃ ቤት እሄዳለሁ፣ ማሽኑንም ንቀለው። ካልሳትኩ እኔም ማሽኑም እንቆያለን። የሰው ደረት ያለ እሱ አይሆንም።»

«እማዬ!» አልኩ። ማሽኑን ከራሷ ጋር መያዣ ማድረጓ ነው ያስደነገጠኝ።

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው» አለች። አንዴ ይህን ካለች መመለሻ የለም።

ከምሳ በኋላ ማድረቂያ ክፍሉ በሰው ተሞላ። ምንም ምልክት እንዳልሰጣት እኔም ከእሷ ጋር ኮሪደር ላይ ወጣሁ። ከጎን ካለው የአፈር ወፍጮ ጩኸት የተነሳ ከውስጥ ምንም አይሰማም። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ስለ ጎረቤታችን ድመት ታወራኛለች፤ እኔ ግን አንድ ቃል አልሰማሁም። መዳፌ አልቦት እንደ ጭቃው ቀዝቅዞ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ በሩን ከፈተ። ገባች። ጎንበስ ብላ ጉንጯን አስነካች፤ አንድ ጎን፣ ሌላ ጎን።

«በርቶ ነበር» አለች።

ልክ ነበረች። ወጣን፤ እንደገና ተጠራን።

«አልበራም። እንዲያው ቆሞ የዋለ ጭቃ ነው።»

ልክ ነበረች። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። በሚቀጥለው ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ከወትሮው ቆይቶ ጠራን። ፊቱ ላይ አንድ ነገር አለ፤ አልወደድኩትም። እናቴ ጉንጯን አስነካች። ዞራ በሌላው ጎን አስነካች። ወደ መጀመሪያው ጎን ተመለሰች። የጭቃውን ጠርዝ በከንፈሯ ነካችው። ማሽኑም ስሟም በአንድ ላይ ሲሄዱ ታየኝ። አፈር ስሆንልሽ ተናገሪ አልኩ በልቤ።

ቀና አለችና ሥራ አስኪያጁን በዓይኗ ፈለገችው።

«አንተ ተንኮለኛ» አለችው። «አብርተህ ጥቂት ካቆየህ በኋላ አጥፍተህ ጠበቅክ። ቅዝቃዜው ተመልሶ ተስተካክሏል። ጠርዙ ግን በግድግዳው በኩል ቀድሞ ሻክሯል፤ የወጣ ውኃ አይመለስማ።»

ሥራ አስኪያጁ ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ከዚያ መሣቅ ጀመረ፤ ከዚያ ደግሞ በሁለት እጁ እጇን ያዘ። «ስለ ውሻዋ ይቅርታ እትዬ» አለ።

«ግድ የለም፤ ሳትነክስህ ነው የተገላገልከው» አለችው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ትልቁ ስኒ ግን አሁንም እርጥብ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ የተናገረው ስለ እሱ ነውና፣ ከተሰነጠቀ ውርርዱም ቀልዱም ከንቱ ይሆናል። እኔ ነፋሱን የሚከለክል የሽቦ መረብ እንዘርጋ አልኩ። እናቴ ተቆጣች። «በነጻ የመጣ ነፋስ ለምን ይከለከላል? ጎን እየለየ ነው እንጂ ክፉ አይደለም። ስኒው ይዙር!» እውነቷን ነው። ከጥገና ክፍል ቀስ ብላ የምትዞር ሞተር ለምኜ አመጣሁና ከጋሪው መድረክ ሥር ገጠምኩ። እሷ ጠርዙ ከሌላው ቀድሞ እንዳይደርቅ እርጥብ ጨርቅ አለበሰችው፤ ስኒው ቀኑን ሙሉ ከሽቦዎቹ ሥር ራሱን እያሳየ ዞረ። ከሚጠበቀውም ቀድሞ ደረቀ።

ወደ ምድጃው የሚገባበት ጠዋት ሠራተኞቹ ጋሪውን ይዘው ቆመው ነበር። ሥራ አስኪያጁም መጥቷል። እናቴ መነጽሯን አውልቃ ወደ ስኒው ተጠጋች፤ ሁላችንም ጉንጯን ስታስነካ ልናይ ጠበቅን። እሷ ግን ዞር ብላ «ነይ» አለችኝ።

«እኔ?»

«ጉንጭ የለሽም? ነይ እንጂ!»

ልጅ ሳለሁ ትኩሳት ሲነሳብኝ በእጇ አትነካኝም ነበር፤ ጉንጯን ከጉንጬ ጋር ታገጥማለች፣ ዝም ትላለች፣ ከዚያ ወይ ትስመኛለች ወይ ሐኪም ጋ ትሮጣለች። ያ ትዝ አለኝ። ጎንበስ ብዬ ጉንጬን ስኒው ላይ አሳረፍኩ። መጀመሪያ ምንም አልተሰማኝም፤ የልቤ ምት ብቻ። ቆየሁ። በግድግዳው በኩል ለብ ይላል። ዞሬ በሌላው በኩል አስነካሁ። ለብ ይላል። ጠርዙን በከንፈሬ ነካሁት።

«እንዴት ነው?» አለች እናቴ።

«እኩል ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

ሚዛኔ ቢኖር ሚዛኑን አይ ነበር። አልነበረም።

«እርግጠኛ ነኝ» አልኩ።

የሚያዛውራትም የሚያቆያትም ያ ስኒ ነበር። ጉንጯን አስነክታ የእኔን ቃል ታጣራለች ብዬ ጠበቅኩ። መነጽሯን መልሳ አደረገችና ጋሪ ገፊዎቹን አየቻቸው።

«ልጄ ብላለች» አለች። «አስገቡት።»

ሳይሰነጠቅ ወጣ።